ከአልጋው ማዶ

ልጁ የአሮጌውን ታብሌት መስታወት በእጅጌው ወልውሎ ቁም ሳጥኑ አናት ላይ መልሶ አቆመው። ልጆቹ የሰለቹትን ዕቃ የአባቱ ክፍል ካሜራ ማድረጉ እንደ ትልቅ ብልሃት ያኮራዋል። "ሊጣል የነበረ ነው እኮ አባዬ። ድምፁ ቢዘጋም ዓይኑ ደህና ነው። ቢሮ ቁጭ ብዬ እንደ ልቤ አይሃለሁ።"

አባትየው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው የሹራባቸውን እጅጌ እስከ ጣታቸው ሳቡት። ከሥሩ ክንዳቸው ከማክሰኞ ጀምሮ ጠቁሯል። "ማክሰኞስ አየኸኝ?" አሉ ቀስ ብለው።

"ማክሰኞማ በሳቅ ገደልከን። ከአልጋው ማዶ ተደብቀህ እጅህን ብቻ ብቅ እያደረግህ ስታውለበልብልኝ። ለመሥሪያ ቤት ልጆች ሁሉ አሳየኋቸው፤ 'አባትህ ጨዋታ አዋቂ ናቸው' አሉኝ። እኔም እዚያው ሆኜ እጄን አውለበለብኩልህ።"

አባትየው ክንዳቸውን በሹራቡ ላይ ዳበስ አደረጉ። በአልጋውና በግድግዳው መሀል ወድቀው፣ ያ እጅ እስኪዝል ድረስ "ልጄ ድረስልኝ" ሲሉ ነበር የዋሉት። አልጋውን ተደግፈው የተነሡት ፀሐይ ከመስኮቱ ከሄደች በኋላ ነው።

ልጁ ስልኩን አውጥቶ አቀበላቸው። "ይኸው ራስህ እየው። አንድም የሚቀረው ነገር የለም።"

ስልኩን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ። በሩ አለ፣ ትራሱ አለ፣ የራሳቸው ጎባጣ ጀርባም አለ። ምስሉ አልጋው ላይ ያበቃል።

"ወለሉ አይታይም" አሉ።

ልጁ ስልኩን እየተቀበለ ሳቀ። "ወለል ደግሞ ምን ያደርግልሃል አባዬ?"