የማትጠራው ስም

ረቢአ ለታመመች ልጇ ለአስያ ማሳከሚያ የራሷን ገንዘብ ልታወጣ ከሚሴ ባንክ ቤት ስትመላለስ ሦስተኛ ቀኗ ነው።

«ገንዘቡን ለማውጣት የሚመልሱት መለያ ጥያቄ የባልዎ ስም ነው» አለ ጸሐፊው ኪዳኔ፣ ካርዱን እያየ።

«የአስያ አባት አልኩህ! እሱም ከሞተ አራት ዓመቱ፣ ወላሂ!»

«ይሄ ስም አይደለም፣ እናቴ።»

ጥያቄውን ሒሳቡ ሲከፈት ያስሞላው ባሏ ራሱ ነበር። እሷ ግን ባልን በስሙ መጥራት ነውር ነው ተብላ ያደገች ናትና፣ በሕይወቱም ሆነ ከሞተ ወዲህ አንድ ቀን ስሙን ጠርታ አታውቅም።

ኪዳኔ ለምሳ መስኮቱን ሊዘጋ ሲል ትዕግሥቷ አለቀ።

«እንድሪስ! ይኸው፣ እንድሪስ! አሁን ደስ አለህ?»

ኪዳኔ በትከሻዋ ላይ አሻግሮ ያያል።

«አቤት፣ የአስያ እናት» አለ ከኋላዋ፣ አራት ዓመት ያልሰማችው ድምፅ።