ኩርባው ላይ

ሬዲዮ ጠጋኙ ደርዊሽ አቃቂ ውስጥ ከእጄ ያመለጠ ሽቦ የለም እያለ ይጎርራል። የእትዬ ወርቅውሃ ልጅ የቀናው መጫወቻ ባቡር ግን አዋረደው። ሐዲዱን በቤንዚን ወለወለ፣ ሽቦውን ቀየረ፣ ኤሌክትሪኩን በቴስተር ለካ። ሁሉም ደህና ነው፤ ባቡሩ ግን ኩርባው ጋ ሲደርስ ቀጥ ይላል።

"እትዬ፣ እንደ አብዮት ጥበቃ ድርቅ አለብኝ እኮ።"

"ቀናውም እዚያው ላይ ነበር በጣቱ ጫን አርጎ የሚያስቆመው" አሉ። "ሲፈታ እንዲጫወትበት ነው፤ በል ሞክር።"

ደርዊሽ ምሳ ዕቃቸውን አየ። እስር ቤት ይዘውት የሄዱት ስንቅ እንደሞላ ነው።

"አልተቀበሉዎትም?"

"ከዛሬ ወዲያ አታምጪ አሉኝ። ሊፈቱት ይሆናል።"

ምን ይበላቸው? የሚነካው ነገር ካለ እንዲታይ ብሎ የባቡሩን ጣሪያ ግራሶ ቀባና ለቀቀው። ሁለቱም እጃቸውን ሰብስበው አዩት። ኩርባው ላይ ቆመ። ግራሶው ላይ ቀስ እያለ የጣት አሻራ ታተመ።