በዚህ መስቀል

ወጣቷ ሐኪም ከወይዘሮ አንጓች ግንባር ያወጣችውን ነገር ብረት ሳህኑ ላይ ስትጥለው ቅጭል አለ። ከጤፍ ፍሬ ጥቂት የሚረዝም፣ የጠቆረ የመርፌ ጫፍ ነበር።

«በልጅነትዎ መስቀሉን ሲነቅሱዎት ተሰብሮ የቀረ ነው፣ እማማ» አለቻቸው። «ሲያሳክክዎትና ሲያብጥብዎት የኖረው ሰውነትዎ ብረቱን እንቢ ብሎት ነው። እንግዲህ ይድናል።»

ወይዘሮ አንጓች ሳህኑን ትክ ብለው አዩ። ንቅሳቱ ማበጥ የጀመረው፣ ሽማግሌ ፊት ቆመው፣ ግንባራቸውን በጣታቸው ነክተው፣ «በዚህ መስቀል! የጎረቤቴን ድንበር አልገፋሁም» ብለው በሐሰት በማሉ በወሩ ነበር። ከዚያ ወዲህ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሲበላቸው አላከኩትም፤ ሲመግል ለማንም አላሳዩም። ቅጣቴን እየተቀበልኩ ነው እያሉ፣ በገፉት መሬት ላይ በቆሎ ሲዘሩ ኖሩ። ዛሬም ፍኖተ ሰላም ድረስ ጎትታ ያመጣቻቸው ልጃቸው ናት።

«ምነው እማማ፣ ደስ አላለዎትም እንዴ?» አለቻቸው ሐኪሟ።

ወይዘሮ አንጓች እጃቸውን ወደ ግንባራቸው ሰደድ አድርገው ፋሻው ጋ ሲደርስ መለሱት።

«ልጄ» አሉ፣ «እግዜር ታዲያ ገና አልቀጣኝም ማለት ነዋ።»