ዘጠነኛው እጥፍ

ጠራዧ መርፌዋን ዘጠነኛው እጥፍ ላይ እንደሰካች እጇ ቆመ። አንዱ እጥፍ አሥራ ስድስት ገጽ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ መጽሐፍ ስትሰፋ የወረቀቱን ጠርዝ እንጂ ጽሑፉን አይታ አታውቅም፤ ይህን ግን ከመጀመሪያው እጥፍ ጀምራ እያነበበች ነው የሰፋችው። ‹ሚስማር› የሚሉት ዘፋኝ የሕይወት ታሪክ ነዋ! በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ጸጉሯን ያስላጫት፣ ግራ ጆሮዋን በድምፅ ማጉያው ያደነቆራት፣ እንዲያም ሆኖ አንድ ቀን እንኳ አምታው የማታውቀው የፓንክ፣ የዚያ ጯሂ ሮክ፣ ዘፋኝ።

ዓይኗን ማመን አቅቷት ደግማ አነበበችው።

«‹ቁልፉ የት ነው› የሚለውን ዘፈን የጻፍኩት ስለ ፋብሪካው ቃጠሎ አይደለም። ያኔ አብራኝ የነበረችው ልጅ ተናዳ ቤቱን ቆልፋብኝ ሄዳ ነበር። ሕዝቡ ስለ ሟቾቹ መሰለው፤ እኛም አላረምነውም። መኪናችን ውስጥ ስንገባ በሳቅ እንፈርስ ነበር።»

በሳቅ እንፈርስ ነበር! ደሟ ፈላ። ታናሽ እህቷ ከዚያ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ሳትወጣ የቀረችው በሩ ከውጭ ተቆልፎ ነው። በዓመቱ የሟቾቹ እናቶች በሩ ላይ ሲሰበሰቡ ሚስማር ጊታሩን አንጠልጥሎ መጣና ያንን ዘፈን ዘፈነላቸው። ዘፈን የሚባል ነገር የማትወደው እናቷ ከሁሉም በላይ ጮኸች፤ «ቁልፉ የት ነው?» እያለች። ይኸው እስከ ዛሬ በየዓመቱ እዚያው በር ላይ ትጮኸዋለች። አሁን የእናቷ ዓይን ደክሟል። መጽሐፉ እየታተመ መሆኑን ስትሰማ «የኛ ዘፈን ያለበትን እሑድ መጥተሽ ታነቢልኛለሽ» ብላ ቀጠሮ ይዛለች።

ምን ብላ ታንብብላት?

በዚህ መሀል ፎርማኑ ሽር ጉድ እያለ ገባ፤ ሚስማር ከኋላው ነው። በእጅ በሚሰፉት መቶ ቅጂዎች ላይ ሊፈርም መምጣቱ ነው። ጃኬቱ ያው የጥንቱ ጥቁር ቆዳ ነው፤ ሆዱ ግን ቀድሞት ገባ።

«እሷ እኮ የድሮ አድናቂዎ ናት፤ ካሴትዎ አንድ አልቀራትም» አለ ፎርማኑ።

«በይ እንግዲህ፣ አንቺማ የቤት ልጅ ነሻ!» ሚስማር ሳቀ። «የቱ ጋ ደረስሽ? ወደድሽው?»

መርፌው እንደተሰካ እጥፉን ገፋችለት። መነጽሩን ከኪሱ አውጥቶ አነበበ። ፈገግታው ቀስ እያለ ጠፋ።

«እህቴ በዚያ እሳት ነው የሞተችው» አለችው።

«ይቅርታ... አላወቅኩም።»

«እናቴ አቅፋህ አልቅሳለች። አንተም አልቅሰሃል።»

«አልቅሻለሁ። የምሬን ነው ያለቀስኩት።»

«ከዚያስ?»

መነጽሩን አውልቆ መጥረግ ጀመረ።

«ከዚያስ ወንድሜ? መኪናው ውስጥ ማን ቀድሞ ሳቀ?»

ግራ ጆሮዋ ስለማይሰማ፣ ስትቆጣ ድምፅዋን መመጠን አትችልም። ማዶ ወረቀት የሚቆርጠው ሰውዬ ማሽኑን አቆመ።

«ኧረ በፈጠረሽ! እንግዳ ነው!» አለ ፎርማኑ።

«አንተ አትግባ!»

«እህቴ» አለ ሚስማር፤ «ልጆች ነበርን። አሁን ደግሞ መጽሐፍ ላይ ልዋሽ? ያለውን ነው የጻፍኩት።»

እሷን ያሳረራት ይኼው ነው፤ አለመዋሸቱ። ቢዋሽ ኖሮ አዋርዳው፣ ካሴቶቹን ቆሻሻ ላይ ጥላ ይወጣላት ነበር። እሱ ግን እውነት ተናግሮ ቀለል ብሎታል፤ ሸክሙን ደግሞ ወስዶ የእናቷ ጉልበት ላይ ሊጥለው ነው። ለዚህ ሰው ነው ጆሮዋን የሰጠችው!

ከመደርደሪያው አንድ ትልቅ ነጭ ወረቀት ሳበች። ወረቀት ማጠፊያውን የአጥንት መሣሪያ አንስታ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ አጠፈችው፤ ጠርዙን ቀድዳ ከፈተችና አሥራ ስድስት ባዶ ገጽ ፊቱ አስቀመጠች።

«እማዬ እሑድ ትጠብቀኛለች። ያን ቀን ስታቅፍህ አንድ ነገር ብለሃታል። እሱን ጻፍላት፤ ሌላ አልፈልግም።»

ሚስማር እስክሪብቶውን አነሳ። ወረቀቱን አየ፤ ጣሪያውን አየ። ፎርማኑ ሰዓቱን እያየ ጉሮሮውን ጠራረገ። እስክሪብቶው ወረቀቱን ነካ፤ ነጥብ እንኳ ሳይተው ተነሳ።

«አላስታውስም» አለ በመጨረሻ።

«እማዬ በየዓመቱ ትደግመዋለች። ‹ይህ የልጅሽ ዘፈን ነው፤ የኔ አይደለም› ነው ያልካት።»

ወረቀቱን ከእጁ ሥር ስባ ወሰደች። መርፌዋን ከታተመው እጥፍ ነቀለችና እጥፉን መለሰችለት።

«በዚህኛው ላይ ፈርም። ይሄ ያንተ ነው።»

«ምን እያደረግሽ ነው?» ፎርማኑ ደነገጠ። በዚያ ማተሚያ ቤት እጥፍ ያጎደለ ጠራዥ ሰው አይባልም፤ እሷ ራሷ ለዚህ ጥፋት ስንቱን አስለቅሳለች። እሷ ግን ባዶውን እጥፍ በስምንተኛውና በአሥረኛው መሀል አስገብታ መስፋት ጀመረች፤ ስፌቱ አልተዛነፈም። ሚስማር የታተመውን እጥፍ በአንድ እጁ፣ እስክሪብቶውን በሌላው ይዞ እንደቆመ ቀረ።

ቋጠረችና ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። ከዚያ መጽሐፉን ባዶው ገጽ ላይ ከፈተች፤ እሑድ እናቷ ፊት እንደምትይዘው አድርጋ ያዘችው፤ ከንፈሯም ‹ይህ የልጅሽ ዘፈን ነው...› እያለ መንቀሳቀስ ጀመረ።