ከገጹ አናት ያለው ጥያቄ

«ይጾማሉ ጋሼ?»

ዶክተር ባስልኤል ከሳን ሆዜ ይዞት ከመጣው ገጽ ላይ አነበበ። የስኳር ሕመምተኛ በጾም ወቅት መድኃኒቱን እንዴት ይውሰድ በሚለው ላይ አሥራ ዘጠኝ ስፔሻሊስቶች ስምንት ወር ተከራክረው ተስማምተዋል። ዘጠና ገጽ የሞላው ስምምነታቸው ለነርሶች እንዲመች አንድ ገጽ ሆኗል። ሰኞ ለየክሊኒኩ ይላካል፤ ዛሬ እዚህ ኦክላንድ ክሊኒክ ውስጥ የመጨረሻው ሙከራ ነው።

«ኧረ እኔ ኃጢአተኛው ምን ጾም አለኝ!» አሉ ጋሽ ሃብተጽዮን አንገታቸውን ደፍተው።

ዶክተሩ «አይጾሙም» የሚለውን ቼክ አደረገ። ገጹ ላይ የተሳለውን ቀስት በጣቱ ተከትሎ ወረደ፤ መድኃኒቱ እንዳለ ይቀጥል ይላል።

ነርሷ ሙሉመቤት ብድግ አለች። ወይ ጉድ! ሰውዬው ባለፈው ሳምንት ስኳራቸው ወርዶ አውቶቡስ ውስጥ ተዝለፍልፈው ወድቀዋል። ሁዳዴ ከገባ ሦስተኛ ሳምንቱ ነው። ደግሞስ የትኛው ጿሚ ነው «አዎ፣ እጾማለሁ» ብሎ ደረቱን የሚነፋ? ይሄ ገጽ እንዲህ ከወጣ ስንቱ ሊወድቅ ነው!

«ዶክተር፣ እስቲ አንዴ እኔ ልጠይቃቸው።» ወደ ሽማግሌው ዞረች። «ጋሼ፣ ትናንት እህል የቀመሱት ስንት ሰዓት ነው?»

«ከቅዳሴ መልስ ነዋ። ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ነበር።»

«የስኳሩን እንክብልስ?»

«ሐኪም ያዘዘውንማ አላጓድልም! ጠዋት በባዶ ሆዴ በጠበል ዋጥኩት።»

ሙሉመቤት ደስታዋን መደበቅ አቃታት። ጠረጴዛውን በመዳፏ መታችው። «አገኘነው! ዶክተር፣ አገኘነው እኮ! ይጾማሉ ወይ አይባልም፣ መቼ ቀመሱ ነው የሚባለው!»

«ሲስተር፣ በዚህ ጥያቄ ላይ እኮ አሥራ ዘጠኝ ሰው ቮት አድርጓል።»

«ያድርጋ! አንዳቸው እናታቸውን ጠይቀው ያውቃሉ?»

ዶክተሩ ሳቅ አመለጠው። እስክሪብቶ አውጥቶ የመጀመሪያውን መስመር ሰረዘና የእሷን ጥያቄ ጻፈበት። የጋሽ ሃብተጽዮንንም እንክብል ከምግባቸው ጋር ወደ ዘጠኝ ሰዓት አዛወረው። «እንዲህ ከሆነማ ግልግል!» አሉ እሳቸው።

ወዲያው ግን ዶክተሩ ክው አለ። ላፕቶፑን ከፈተ። ባለፈው ሳምንት ገጹ ሳን ሆዜ ውስጥ በአርባ አንድ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ላይ ተሞክሯል። ሠላሳ ዘጠኙ «አይጾሙም» ተብለዋል።

ሙሉመቤት ወንበሯን ስባ ከዝርዝሩ ታች መደወል ጀመረች፤ እሱ ከላይ። የመጀመሪያዋ ስልኩን አነሱ።

«ሄሎ፣ እትዬ ጸሓይ? ዶክተር ባስልኤል ነኝ። ዛሬ እህል ስንት ሰዓት ቀመሱ?»

«ኧረ ገና ነኝ ልጄ» አሉ፣ ድምፃቸው ድክም ብሎ። «እጄ እየተንቀጠቀጠ መሆኑን ማን ነገረህ?»