የጥጉ መስኮት

ባልና ሚስቱ እንግሊዝ አገር ባለ አንድ የጥንት መኳንንት ቤት ለጥበቃና ለጽዳት ከተቀጠሩ ገና ሳምንታቸው ነበር። እሳቱ ሲነሳ እሱ አትክልቱን ይኮተኩታል፤ ሚስቱ ምንታምር ፎቅ ላይ ነበረች። መሰላልና መጥረቢያ ይዞ እየሮጠ ደወለላት።

«የት ነሽ?»

«ጥጉ ላይ ያለው የአንሶላ ማስቀመጫ ክፍል። ኮሪደሩን ጭስ ሞልቶታል። በጓሮው ደረጃ ልውረድ፣ እሳቱ ገና አልደረሰበትም።»

«ተይ፣ ትታፈኛለሽ። እኔ ከታችሽ ነኝ፤ ወደ መስኮቱ ነይ።»

«እዚህ መስኮት የለም እኮ።»

«ጭሱ ጋርዶሽ ነው። እኔ መጋረጃው ሳይቀር ይታየኛል።»

«ኧረ ግድግዳ ነው። ልሩጥ በቃ።»

«በሞቴ ምንታዬ፣ ዛሬን ብቻ እመኚኝ።»

«እሺ» አለችው። ወዲያው የጓሮው ደረጃ እየተንኮታኮተ ሲወርድ ተሰማው። እንኳንም አልሄደች ብሎ አምላኩን አመሰገነ።

ስልኩን ሳይዘጋ ደረት ኪሱ ከተተና መሰላሉን ወጣ። ፊቱን ከስብርባሪው ለመከላከል ዞር አድርጎ መስታወቱን በመጥረቢያው መታው። መጥረቢያው ነጠረ። ከተላጠው ቀለም ሥር ጡብ ታየ። የጥንቶቹ ግንበኞች የቤቱ ግራና ቀኝ እኩል እንዲመስል ብለው ክፈፉንም፣ መስታወቱንም፣ መጋረጃውንም ግድግዳው ላይ በቀለም ስለውት ነበር።

ከኪሱ ውስጥ ድምፅዋ መጣ።

«ደርሻለሁ፤ እየዳበስኩ ነው። ወደ ግራ ነው ወደ ቀኝ?»