ትልልቆቹ ቁልፎች

ትርሲት በኮምፒውተር ለሚታዘዘው የወርክሾፑ ብረት መቁረጫ ማሽን አዲስ የመቆጣጠሪያ ሰሌዳ ስትነድፍ የምታስበው ጋሽ ደግፌን ብቻ ነበር። ሙያውን ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። አሁን ግን ዓይናቸው ደክሞ፣ ጣታቸው መንቀጥቀጥ ጀምሮ፣ ሽንብራ የሚያካክሉትን የድሮ ቁልፎች እየሳቱ ብረት ያበላሹ ነበር።

ቁልፎቹን በጓንት እንኳ እንዲጫኑ አድርጋ አተለቀቻቸው። ጽሑፉን ሁሉ በአማርኛ አደረገችው። ማቆሚያውን በመዳፍ በሚመታበት ቦታ አኖረችው። ስድስት ወር ፈጀባት። ጋሽ ደግፌ ሲሞክሩት አንድም ቁልፍ አልሳቱም።

"አንቺ ልጅ፣ እንደገና ሰው አደረግሽኝ!" ብለው ግንባሯን ሳሟት።

በሳምንቱ ስትመጣ ማሽኑን የምታሠራው አንዲት የማታውቃት ወጣት ናት። የወርክሾፑ ባለቤት እየሳቀ ተቀበላት።

"ጎበዝ፣ ትርሲት! ይቺ የእህቴ ልጅ ናት። ብረት ነክታ አታውቅም፤ በግማሽ ቀን ለመደችው እኮ!"

"ጋሽ ደግፌስ?"

"እሳቸውማ ይረፉ እንጂ። እንዲህ ከቀለለ ማንም ይሠራዋል፤ አሁን ነው ያሰናበትኳቸው።"

እየሮጠች ወጣች። ጋሽ ደግፌ የሥራ ቱታቸውን በፌስታል ይዘው አስፋልቱ ዳር ታክሲ ይጠብቃሉ። አጠገባቸው ስትቆም ቀና ብለው አላዩዋትም።

"እጅሽ ይባረክ" አሏት፤ "ጥሩ አድርገሽ ነው የሠራሽው።"